ሲስተር እንድታልፍ

ስብሰባ ሁሉ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ እንደ እኔ ፍዳዋን ያየች ካለች ትምጣና አብረን እናልቅስ። ያኔ መቱ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የጤና ትምህርት የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ካርድ አውጥተው ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ፊት እቆምና ስለ ሱስ አምባርቃለሁ። "ሲጃራ ሳንባ ይበላል! አረቄ ትዳር ያፈርሳል!" ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል፤ "እውነትሽን ነው ሲስተር" ይለኛል፤ ከዚያ ወጥቶ እዚያው በራችን ላይ ይለኩሳል። በማግስቱ እኔ ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደርጋለሁ። ሌላ ዘዴ መኖሩን ማን ነግሮኝ!

አንድ ቀን ኃላፊያችን ቢሯቸው ጠሩኝና "ስለ ሱስ ለሚያስተምሩ ባለሙያዎች ስልጠና መጥቷል፤ አንቺን መርጠንሻል" አሉኝ። ስልጠና ሲባል እኔ የማውቀው አዳማ፣ ሆቴል፣ የሻይ ሰዓት ኬክ ነው። ልቤ ዘለለ። "የት ነው?" ስላቸው "ስልክሽ ላይ" አሉኝ። ኧረ ይቅርብኝ ልል ምንም አልቀረኝ፤ ግን እሺ ብዬ ወጣሁ።

ስልኬ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ኔትወርክ አይይዝም። የምኖረው ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዮቼ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየውን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በወጣትነታቸው ከስልጤ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ከስኳር እስከ ስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ፤ የመቱ ልጅ ናቸው፤ ሲስቁ አማርኛና ኦሮምኛ ይቀላቅላሉ፣ ሲቆጡ ኦሮምኛው ብቻ ይቀራል። ኔትወርክ የሚገኘው አስፋልት ዳር ባለው ሱቃቸው ውስጥ፣ ያውም የሩዝ ጆንያው ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰዓት ከሰዓት ስልኬን የዘይት ጀሪካን ላይ አስደግፌ፣ ጆንያ ላይ ተሰይሜ መሰልጠን ጀመርኩ።

ምን ዓይነት ስልጠና መሰላችሁ! ከጎሬ የሚሰለጥነው ማይኩን ማጥፋት ስለማይሆንለት የዶሮዎቹን ኑሮ ሁላችንም አወቅነው። የዳሪሙዋ ባልደረባችን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥታ፣ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነው የምትማረው። ዝናብ ሲመጣ፣ መቼም እኛ ጋ የማይመጣበት ቀን የለም፣ የሱቁ ቆርቆሮ ይንጓጓና አዲስ አበባ ያለችው አሰልጣኛችን አፏ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ጋሼም ስኳር እየመዘኑ "ምን አለች? ምን አለች?" ይሉኛል። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው የሚከታተሉት።

አሰልጣኟ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። "መምከር አቁሙ" አለችን። "ሰውየውን ጠይቁት፤ ከዚያ ዝም በሉ። ለምን መተው እንደሚፈልግ ከራሱ አፍ ይውጣ።" እኔም ለራሴ መስሎኝ "ዝም ብዬማ ደሞዝ ልበላ ነው?" አልኩ። ለካ ማይኬ ክፍት ነው! ከጎሬ እስከ በደሌ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሼ ሚዛናቸውን ይዘው ተንከተከቱ።

ጋሼ እንዲህ ይሳቁ እንጂ ጉዳዩ ራሳቸውን ነበር የሚመለከተው። ሲጃራ ይሸጣሉ፤ ያጨሳሉም። አንድ ፍሬ ለደንበኛ፣ አንድ ፍሬ ለራሳቸው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ጅማ ተድራ ነፍሰ ጡር ሆናለች፤ ወጉ ደግሞ የመጀመሪያዋን የምትወልድ ልጅ እናቷ ቤት መጥታ መታረስ ነው። ልጅቷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ደውላ "እማ፣ አንቺ ጋ መታረስ እፈልጋለሁ፤ አባ ሲጃራውን ካልተወ ግን እዚሁ አማቴ ጋ እሆናለሁ። ልጄን ጭስ ውስጥ አላስተኛም" አለች። እትዬ ሰማይ ተደፋባቸው።

ጋሼም አንጀታቸው ነበር የተቆረጠው። በእነሱ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ በቀኝ ጆሮው አዛን ይባልለታል፤ በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚሰማው ቃል እሱ እንዲሆን። በጋሼ ቤተሰብ ደግሞ ለበኩር ልጅ ይህን የሚለው አያት ነው። ለእሳቸውም አያታቸው ናቸው ያሉላቸው። "ልጄ፣ ያን ሳልል ልሙት?" ይሉኛል እያሳሉ። "እንግዲያው ይተዉት!" ስላቸው "እተወዋለሁ ኢንሻአላህ" ይሉና ክብሪቱን ይፈልጋሉ። እኔም መጮህ፣ እሳቸውም መለኮስ።

በስልጠናው መጨረሻ የተግባር ፈተና መጣ። ሱስ ያለበት ሰው ፈልጋችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ ጭውውታችሁን ቀድታችሁ ላኩ፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ ብዙ ያውራ ተባልን። እኔ አንድ ታካሚ ይዤ ቀዳሁና መልሼ ብሰማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማወራው እኔ ነኝ። ሰውየው ሁለት ቦታ ላይ ይሰማል፤ አንዱም ሳል ነው። አሰልጣኟ ሰምታ "እህቴ፣ ድምፅሽ ያምራል። ታካሚሽ ግን የታለ?" አለችኝ። እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም።

ብስጭቴን ለጋሼ ተናገርኩ። ጋሼ ለባለ ባጃጁ ነገሩት፤ ባለ ባጃጁ ለመቱ ነገረው። "ሲስተር ፈተና ወደቀች" ተብሎ ሰፈሩ ሐዘን ተቀመጠ። በማግስቱ ባለ ባጃጁ ሱቁ በር ላይ ገጭ ብሎ ቆመና "ማሎ፣ እባክሽ ሲስተር፣ አትጨነቂ፤ እኔ ሱሰኛ ልሁንልሽ" አለኝ።

"አንተ መቼ አጭሰህ ታውቃለህ?"

"ቀምሼው አላውቅም። ላንቺ ከሆነ ግን ዛሬውኑ እጀምራለሁ!"

አባርሬው ስመለስ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሲያስቡ አገኘኋቸው። "ልጄ፣ እኔ እያለሁ ምን አንከራተተሽ? ነይ፣ ቅጂኝ" አሉኝ። ስልኩን መሀላችን አስቀመጥኩና እንደ ተባልኩት "ጋሼ፣ የሲጃራው ነገር እንዴት ነው?" ብዬ አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ኧረ እንዴት ያለ ንግግር! እንዴት እንደ ጀመሩ፣ ምን እንዳሳጣቸው፣ ለልጅ ልጃቸው ሲሉ እንዴት ቁርጥ አድርገው እንደ ወሰኑ አወሩልኝ። "ማንም አልመከረኝም፤ ራሴን ጠየቅሁ፣ ራሴ መለስኩ" አሉ። "ይኸው ትቼዋለሁ። አሁን ስተነፍስ ደረቴ ክፍት ነው።" እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። ጉንፋን አስመስዬ እንባዬን ጠረግኩ። ላክሁት። አሰልጣኟም ለሁሉም አሰማችውና "ማዳመጥ ማለት ይህ ነው!" አለች። ያን ቀን አስፋልቱ ጠበበኝ። ከዚያ ወዲህም ጋሼ ሲለኩሱ አላየሁም።

ሱቁንና መኖሪያ ቤቱን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። እትዬ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ሁሉን ሰምተው ኖሯል። ባላቸው ለሶላት ሲወጡ ስልካቸውን አንስተው ጅማ ደወሉ። "ተወው! አባትሽ ተወው! ለሲስተር ሲነግራት በጆሮዬ ሰማሁ!" ልጅቷ አለቀሰች፤ እሑድ እመጣለሁ አለች። እትዬም ጋሼን በድንገት ሊያስደስቷቸው ፈልገው ምስጢር አደረጉት፤ ለእኔ ብቻ ሹክ አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስኳር ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ማንም የለም። ከተቆለሉት ስፖንጅ ፍራሾች ጀርባ ግን ጭስ ይወጣል። "እሳት! ፍራሹ ተቃጠለ!" ብዬ በሩ ሥር የነበረውን ባልዲ ውሃ አንስቼ ግልብጥ አደረግኩት። ከፍራሹ ጀርባ ጋሼ ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ርሰው ተነሡ። ጣታቸው መሀል ያለችው ሲጃራ ጠውልጋለች።

"ጋሼ! ትቻለሁ አላሉኝም?"

"እንድታልፊ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

"ምን?"

"ፈተና ነው አላልሽም? አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማ ፈተና። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት 'አልተውኩም' ብዬ ላዋርድሽ? እንዴት አድርጌ? ጎረቤቴ አይደለሽም ወይ?"

እስቲ አሁን ይህን ሰው ምን ትሉታላችሁ! ያን ሁሉ ንግግር የፈጠሩት ለእኔ ብለው ነው። የአሰልጣኟን ቃል ሳይቀር ከሩዝ ጆንያው ላይ ለቃቅመው መልሰው ሰጧት። እኛ አገር ሰው ሲጠየቅ፣ ጠያቂው ምን ቢሰማ ደስ ይለዋል ብሎ ነው መጀመሪያ የሚያስበው። ሕመም እንኳ ሲጠየቅ "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ሳቅና ንዴት አንድ ላይ አነቁኝ። ቀጥሎ ግን እሑድ ትዝ አለኝ።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ነገ ትመጣለች። እትዬ ትቷል ብለው ደውለውላታል።"

እርጥቡ ፍራሽ ላይ ዘጭ አሉ። "ምን በላኝ!" አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የማወርደውን ስድብ የመቱ ገበያ አይችለውም ነበር። ግን ደነገጥኩ። "አሁን ምን ያደርጋሉ?" ብቻ አልኩና ጆንያዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬም ክፍሌ ነበር፤ የሚቀዳ የለም። ጋሼ የጠወለገችውን ሲጃራ ባልዲው ውስጥ ጥለው ማውራት ጀመሩ።

"በወጣትነቴ ከጭነት መኪና ጋር ከጎሬ በደሌ ስመላለስ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነበር የጀመርኩት። እሱ ቀርቷል። አሁን ግን እውነቱን ልንገርሽ? ልጄ ከተዳረች ወዲህ ሱቁ ጭር ሲል እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለሽ፤ እስከ እኩለ ቀን እደርስና እሸነፋለሁ። ሳስል እፈራለሁ፤ አልቻልኩም ማለት ደግሞ አፍራለሁ። በዚህ ሽበት፣ ጣቴን በማታክል ነገር ተሸነፍኩ ልበል?" ዓይናቸው ሞላ። "ልጄን ግን በውሸት አላስመጣትም" አሉና ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ቤት ገቡ።

ከመጋረጃው ወዲያ የተሰማው ኦሮምኛ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አንድ ፍራሽ በመጋረጃው በኩል ተወርውሮ መጣ፤ ትራስ ተከተለው፤ ጋሼ ተከተሉ። "ሱቅህ እደር! ሲጃራህን አግባት!" አሉ እትዬ፤ ይህችን እኔ እንድሰማት ይሁን በአማርኛ። ጋሼም ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ጅማ ደወሉ። "ልጄ፣ አልተውኩም። እናትሽ የሰማችው ውሸት ነው" አሉ።  ልጅቷም "እማ ምን አለች?" አለች።

"አስወጣችኝ።"

ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማኝ። "እንግዲያው ቤቱ ጭስ የለበትም ማለት ነው። እመጣለሁ" አለች።

እኔም ለአሰልጣኟና ለሰልጣኞቹ የስልክ ግሩፕ እውነቱን ጻፍኩ፤ ቅጂው ለእኔ ታስቦ የተደረገ ውለታ እንጂ ኑዛዜ አይደለም አልኩ። ከዳሪሙ ኮረብታ ሳይቀር የሳቅ ምልክት ተላከልኝ። አሰልጣኟ ደውላ "ቅጂውን ተዪው፤ ሰውየውን ያዢ" አለችኝ። ያዝኳቸው። በየቀኑ "ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ነው?" ብዬ ምላሴን እነክሳለሁ። አንዳንዴ "ዛሬ ደህና" ይሉኛል፤ አንዳንዴ "ዛሬ ተሸንፌያለሁ" ይሉኛል። ያቺን ሁለተኛዋን ሲሉኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ስለተሸነፉ ሳይሆን፣ ስላልዋሹኝ ነው።

ሲጃራውን ከመደርደሪያው አወረዱት። "ጋሼ፣ አንድ ፍሬ" የሚል ሲመጣ "ማስቲካ ውሰድ" ይላሉ። እጃቸው እንዳይፈታ ስኳር በትንንሽ ፌስታል ሲቋጥሩ ይውላሉ፤ መላው ኢሉባቦር ሻይ ቢጠጣ የማይጨርሰው ስኳር ተቋጠረ። ባለ ባጃጁ ባለፈ ቁጥር ፍጥነቱን ቀንሶ "ጋሼ፣ በርታ!" ይላል፤ ተሳፋሪዎቹም አብረው ይላሉ። ልጅቷ ሆዷን አስቀድማ ምሳቸውን ራሷ ታመጣለች። በር ላይ ቆማ ታሸትታለች። ሽታ ካለ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ያለ ቃል ትመለሳለች። ከሌለ ገብታ ከአባቷ ጋር ትበላለች። እየዋለ እያደረ አብረው የሚበሉባቸው ቀኖች በዙ፤ ከዚያ ደግሞ ሳህኑን ብቻ አስቀምጣ የሄደችበት ቀን መቼ እንደ ነበር ሁላችንም ረሳን። እትዬም "ቶሌ፣ እሺ፣ ይግባ" ቢሉ ጋሼ እንቢ አሉ። "ልጁ ሲወለድ እገባለሁ" አሉ።

ምጡ የመጣው በአንድ ጠዋት ነው። ሆስፒታል ወሰድናት። ከጅማ የመጣው ባሏና ጋሼ ውጭ ቀሩ፤ እኔና እትዬ ውስጥ ሆንን። ምጡ ረዘመ፤ አስሟም ተነሣባት። ከሰዓት በኋላ ግን ጤነኛ ሴት ልጅ ተወለደች። እትዬ እልልታቸውን ለቀቁት፤ አዋላጇ "ቀስ በሉ እንጂ እናቴ" እስክትል ድረስ። ማዋለጃ ክፍል ወንድ ስለማይገባ፣ አዛኑ ቤት ስንደርስ ይሁን ተባለ።

በማግስቱ ወደ ቤት ገባን። ጋሼ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው፣ ቅርንፉድ እያኘኩ በር ላይ ቆመዋል። ዘመድ ጎረቤቱ ሳሎኑን ሞልቶታል። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ ሕፃኗን በጨርቅ እንደ ተጠቀለለች ወደ አባቷ ዘረጋቻት። "በል አባ። አንተን ነው የምትጠብቀው" አለች።

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። መልሰው ሰበሰቡት።

"አልችልም" አሉ። "ትናንት ምጡ ሲጠናብሽ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ከአንድ ሰው ለምኜ አጨስኩ። ዛሬም ጠዋት አጭሻለሁ። ባልሽ ይበልላት።"

 የእትዬ ፊት ቀላ። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ምንም አይደል፣ አንተ ደግሞ! ማን ጠየቀህ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልጠየቀም። ቅርንፉዱ ሽታውን ሸፍኖት ኖሯል። እኔ እንኳ በር ላይ ጨብጫቸው አላወቅኩም። ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ይህን ያህል የተመኙት ነገር እጃቸው ላይ ነበር።

ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። "ታዲያ ለምን ተናገርክ አባ?"

"መጀመሪያ የምትሰማው ቃል ነው" አሉ። "ከዋሸ አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው።"

ባሏ ሊቀበላት ጎንበስ ሲል ልጅቷ ሕፃኗን ወደ ደረቷ መለሰቻት። እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል፤ አፏ ግን ይስቃል። "ማንም አይልላትም" አለች። "ሂድ አባ፣ ገላህን ታጠብ፤ አፍህን ተጉመጥመጥ፤ ልብስህን ቀይር። እኛ እንጠብቅሃለን።"

ጋሼ ወጡ። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ግቢው ውስጥ ውሃ ሲንሿሿ፣ ጋሼ ሲጉመጠመጡና ሲተፉ፣ ደግመው ሲጉመጠመጡ ይሰማል። ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። አንድም ሰው "ኧረ ጊዜው ሄደ" አላለም። እትዬ ራሳቸው ተነሥተው ንጹሕ ልብስና ፎጣ ይዘውላቸው ወጡ። ጋሼ ከጢማቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ተመልሰው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። ልጅቷ ጠጋ ብላ አንገታቸውን፣ ጣቶቻቸውን፣ አፋቸውን አሸተተች። ከዚያ ልጇን ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የቃሉን ትርጉም ሁሉ አላውቅም። ግን ጋሼ አፋቸውን ከዚያች ሚጢጢ ጆሮ አጠገብ አድርገው "አላሁ አክበር" ሲሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እንደገና ጀመሩና ሳያስሉ እስከ መጨረሻው አደረሱት። ሕፃኗም ለቅሶዋን ትታ ሰማቻቸው።